የቁልፍ ሰዓት ንባብ

የስፌት ቤቱ ሬዲዮ የተበላሸው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። እስከ ዛሬም አልተጠገነም፤ መደርደሪያው ላይ አቧራውን ለብሶ የክር ማስቀመጫ ሆኖ ቀርቷል። ለምን አልተጠገነም ቢሉ፣ ምትክ ስለተገኘለት ነው። ምትኩ ቁልፍ ሰፊዋ ናት። ሬዲዮው ዝም ባለ በሳምንቱ እሷ ማንበብ ጀመረች፣ ስሟም በዚያው «ሬዲዮ» ሆኖ ቀረ። ልጆቿ ሳይቀሩ እንደዚያ ይጠሯታል፣ በተለይ ምክሯ ሲረዝምባቸው።

ነገሩ የመጣው በጣቷ ነው። የስፌት መኪናው መርፌ የቀኝ እጇን አመልካች ጣት ወጋት። ቁስሉ ዳነ፣ ጣቱ ግን አልታጠፍ አለ። በማይታጠፍ ጣት ቁልፍ መስፋት እንዴት ያለ መከራ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ሌሎቹ ሦስት ሸሚዝ ሲጨርሱ እሷ ካንዱ ጋር ትታገላለች፣ የሰፋችው ቁልፍም ወደ ጎን ዘመም ይላል። የቤቱ ባለቤትና ልብስ ቆራጭ ደግሞ ዘመም ያለ ቁልፍ አይወድም። አይቆጣም፤ ትንሿን መቀስ ከኪሱ አውጥቶ፣ ምንም ሳይናገር ቁልፉን ቆርጦ በሰፋው ሰው መዳፍ ላይ ያስቀምጣል። በቀን አምስት ስድስት ቁልፍ በመዳፏ ስትቀበል ሰነበተችና፣ አንድ ቀን ነገሩ ስንብት መሆኑ ገብቷት ቦርሳዋን አንስታ ፊቱ ቆመች።

«ማንበብ ትችያለሽ አይደል?» አላት።

«እችላለሁ ጋሼ።»

«ጮክ ብለሽ?»

«አራት ልጅ ነው ያሳደግኩት። ጮክ ማለት አይቸግረኝም።»

በዚህ ተስማሙ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ መኪኖቹ ይቆማሉ፤ ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ መዘምዘም፣ ገበር ማያያዝ፣ በእጅ የሚሠራው ሥራ ሁሉ የሚሠራው ያኔ ነው። «የቁልፍ ሰዓት» ይሉታል። በቁልፍ ሰዓት ሬዲዮ ታነባለች፣ የእሷን ድርሻ ቁልፍ ሌሎቹ ተካፍለው ይሰፋሉ። ቆራጩ ሁለት ሕግ አወጣ። አንደኛ፣ መጽሐፉ የትልቁ መቀስ መሳቢያ ውስጥ ያድራል፤ ማንም ወደፊት ሄዶ ማየት አይችልም። ሁለተኛ፣ የተጻፈው ይነበባል፤ መዝለል የለም፣ መጨመር የለም። «የሰው ልብስ ላይ ከራሴ ኪስ አልጨምርም፤ አንቺም የሰው ጽሑፍ ላይ አትጨምሪ» አላት።

ሕጉ ደግሞ የወረቀት ላይ ሕግ አልነበረም። አንድ ጊዜ አንዱ ደራሲ ስለ ዛፍ መጻፍ ጀምሮ አላቆም ቢላት፣ ሁለት ገጽ ዘላ ሰዎቹ ወደሚያወሩበት አለፈች። ቆራጩ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እያሰመረ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ «ዛፎቹን የት አደረስሻቸው?» አላት። ክው አለች። በምን አወቅህ ብትለው፣ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ሲገለጥ ድምፁ ይወፍራል አለ። ሰውየው የጨርቁን ዓይነት በመቀስ ድምፅ የሚለይ፣ የደንበኛን ወገብ ከበር ሲገባ በዓይኑ የሚለካ ነው። ሜትር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ለወግ ያህል ነው ይሉታል። ሬዲዮ ወደ ኋላ ተመልሳ ዛፎቹን አንድ በአንድ አነበበች፤ ካውያ የሚተኩሰው ሰውዬ ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

በስድስት ዓመት ውስጥ አርባ ምናምን መጽሐፍ አለቀ። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የሚገዛ፣ ሽፋኑ የወለቀ፣ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ነው። አርባ መጽሐፍ የሰማ ሰው ደግሞ እንደ ድሮው አይሆንም። ለምሳሌ ካውያ የሚተኩሰውን እንውሰድ፤ እሱንም «ካውያ» ነው የሚሉት፣ ቶሎ ስለሚግል። ድሮ ሱሪዬ አጠረ ብሎ ከመጣ ደንበኛ ጋር አንገት ለአንገት ሊተናነቅ ምንም አይቀረውም ነበር። አሁን እንዲህ ያለ ደንበኛ ጮሆ ሲወጣ፣ ካውያ እንፋሎቱን እያበረደ፣ «ተዉት፤ የሱን ምዕራፍ አንዱን አላነበብንም» ይላል። ይህች ንግግር የቤቱ ሁሉ ሆነች። ሱሪ ሰፊዋ ደግሞ ስለ አንዲት ጉድጓድ ቆፋሪ ሴት ከተነበበ በኋላ ለባሏ ዘመዶች «አይመቸኝም» ማለት ጀመረች። ባልየው መጽሐፉን እስካሁን ያማል።

ሬዲዮ ራሷም ቢሆን። ድሮ ሰው ሁሉ የሚታየውን ያህል ብቻ ይመስላት ነበር፤ ጨካኝ ጨካኝ ነው፣ ዝምተኛም የሚናገረው የለውም። አሁን አውቶቡስ ላይ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው እንኳ ስታይ፣ ይሄ ሰው ስንት ገጽ ይሆን ትላለች። ኑሮዋ ያው ኑሮዋ ነው፣ ቤቷም ያው ሁለት ክፍል። ግን ሰፋ ብሏታል። ደስተኛ ነሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ባይኖርም፣ ነበረች።

ምንም ያልነካው የሚመስለው ቆራጩ ብቻ ነበር። መጽሐፍ ባለቀ ቁጥር ሌላው ሲከራከር፣ እሱ «ገጹ ስንት ነበር?» ብሎ ይጠይቅና ቁጥሩን ሰምቶ ወደ ጨርቁ ይመለሳል።

እሱም የራሱ ቂም አለው። ታናሽ ወንድሙ ድሮ እዚሁ ቤት አብሮት ይሰፋ ነበር። እንዲያውም ቆራጩ ሙያውን የለመደው በእሱ ላይ ነው፤ ልጆች ሳሉ ታናሹ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ይቆማል፣ ታላቁ በገመድ ይለካዋል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታናሹ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ቡቲክ ከፈተ። ሰው ሳይለኩ የሚሸጥ፣ ተሰፍቶ የመጣ ልብስ። ቆራጩ ይህን እንደ ክህደት ቆጠረው። «ሰውን ሳይለካ የሚያለብስ ወንድም የለኝም» አለ፣ ከዚያ ወዲህ ስሙ አይነሳም። ታናሹ ሦስት ጊዜ ሰው ልኮ ነበር፤ ሦስቱም እንደመጡ ተመለሱ።

እንግዲህ ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት ልጅ በወረቀት የተጠቀለለ ጨርቅ ታቅፋ ገባች። ዓይኗን ያየ ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነች አወቀ፤ የቆራጩ ዓይን ነው። «አጎቴ፣ አባዬ ነው የላከኝ» ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ልታገባ ነው። ጥቅሉ ላይ ብጣሽ ወረቀት ተሰክቶበታል፤ ካውያ ሰርቆ አንብቦት ለሁሉም ነገራቸው። «ልጄን ስድር ያንተን ስፌት መልበስ እፈልጋለሁ። ልኬን ታውቀዋለህ» ይላል።

ቆራጩ ጥቅሉን ሳይፈታ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከተበላሸው ሬዲዮ አጠገብ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ ማንም ቀና ብሎ ወደዚያ አያይም፤ ክር ሲያስፈልግ እንኳ ሌላ ቦታ መፈለግ ጀመሩ። ሠርጉ ግን እየቀረበ ነው። ሙሉ ልብስ ቢያንስ አምስት ቀን ይፈልጋል።

ሬዲዮን ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳት። የማይታጠፍ ጣት ይዛ እንጀራ የበላችው በዚህ ሰው ነው። አንድ ቁልፍ ዘመም ሲል የሚያመው ሰው፣ ወንድሙ ከሌላ ሱቅ የተገዛ ኮት ለብሶ ልጁን ከዳረ በኋላ፣ ያንን ጥቅል ዕድሜ ልኩን ሲያየው እንደሚኖር ታያት። አንጀቷን በላት። ግን ማን ደፍሮ ይናገረው?

ነገሩን ያባሰው የያዙት መጽሐፍ ነው። ጨርቁ ከመምጣቱ በፊት የጀመሩት ነው፣ ማንም አውቆ አልመረጠውም። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቁ ሰውን ወንዝ የሚያሻግር ጀልባ ቀዛፊ፣ ታናሹ ድልድይ ሠሪ። ታናሹ እዚያው ወንዝ ላይ ድልድይ ይሠራል፣ የታላቁ ጀልባ ሥራ ይፈታል። ታላቁም በድልድዩ ላይ እግሬን አላሳርፍም ብሎ ይምላል። ቤቱ ውስጥ ይህ ሲነበብ መርፌ ብትወድቅ ትሰማ ነበር። ቆራጩ ጨርቁን ያሰምራል፤ ሬዲዮ ግን በሦስት ቀን ውስጥ አንድ እጅጌ ብቻ ሲያሰምር አየችው።

ለሠርጉ ዘጠኝ ቀን ሲቀር፣ በምሳ ሰዓት፣ ሌሎቹ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ሬዲዮ መሳቢያውን ከፈተች። ከቁልፍ ሰዓት ውጭ ስትከፍተው በስድስት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። የቀረውን አሥራ አንድ ገጽ ቆማ አነበበች። ታናሹ ይታመማል፣ ወንድሜን ጥሩልኝ ይላል። ታላቁ መሐላውን ላለማፍረስ ብሎ በሞላ ወንዝ ላይ በጀልባ ይነሳል፣ ወንዙ ወደ ታች ይዞት ይሄዳል፣ ሲደርስ ማለዳ ሆኗል። ታናሹ ሌሊቱን አርፏል። መጽሐፉን ዘግታ መሳቢያው ውስጥ ከተተችና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ይህን ካነበብኩለት ወይ ይሰበራል፣ ወይ ይብሱን ይደነድናል፣ ወይ «አየሽ፣ ዘግይቷል» ይለኛል ብላ አሰበች። ቢያባርረኝም ያባርረኝ አለች።

በቁልፍ ሰዓት ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ሬዲዮ መነጽሯን አድርጋ ከፈተች። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ አነበበችው፤ «ያን ቀን ወንዙ ሞልቶ ነበር።» ከዚያ በኋላ ያለው የእሷ ነው።

ቀዛፊውን ጀልባው ዘንድ አደረሰችው፣ ገመዱንም አስያዘችው። ከዚያ ገመዱን መልሶ እንዲያስር አደረገችው። በድልድዩ ላይ አስኬደችው። ድልድዩን ከአንዱ መጽሐፍ፣ ከእግሩ ሥር የሚሰማውን የውሃ ድምፅ ከሌላው፣ ሲጥ ሲጥ የሚለውን በር ከጉድጓድ ቆፋሪዋ፣ መስኮቱ ላይ ያለውን መብራት ከወዴት እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ ከአርባ መጽሐፍ ቁርጥራጭ እየለቀመች ሰፋችው። የማይታጠፈው ጣቷ ገጹ ላይ ቀጥ ብሎ፣ ዓይኗ ሥር ያለው ጽሑፍ ሌላ እያለ፣ አፏ ሌላ ይላል። ታናሹ በሩን ከፈተ። «ዘገየህ» አለው። «ምግቡ ቀዝቅዟል። ግባ።»

«አለቀ» አለች ሬዲዮ።

ሱሪ ሰፊዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ካውያ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ሰው እንዳየው ሲያውቅ፣ «እንፋሎቱ ነው» አለ።

«ካውያው እኮ ከተነቀለ አንድ ሰዓት ሆነው» አለችው ሱሪ ሰፊዋ።

ሬዲዮ ቆራጩ «ገጹ ስንት ነበር?» እስኪል ጠበቀች። አላለም። ጠመኔውን አስቀመጠ፣ ኮቱን ለበሰ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር እንኳ ሳያወልቅ ወጣ። በማግስቱ አልመጣም። ያ ሰው ጥርሱ ባበጠ ጊዜ እንኳ ፊቱን በሻርፕ አስሮ የመጣ ሰው ነው። ካውያ ዝናብ መቶት ይሆናል አለ፣ ዝናብ ግን አልዘነበም። ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ቦርሳዋን እግሯ ሥር አድርጋ ዋለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሲገቡ ጥቅሉ ተፈትቷል። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ ቆራጩ ከአጠገቡ ብጣሽ ወረቀት አድርጎ እያሰመረ ነው። እንደ ወትሮው ለሁሉም ሥራ ሥራቸውን ሰጠ። ከዚያ «ሬዲዮ፣ ነይ እስቲ» አለ።

ሄደች። ቦርሳዋን ይዛ ነበር።

«ቦርሳው ምንድነው?»

«እንዲያው ነው ጋሼ።»

«ትናንት ወዲያ ገጽ አልገለጥሽም» አላት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፣ ግን ቤቱ ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ሰማ። «ከዚያች ከመጀመሪያዋ ቃል በኋላ እስክትጨርሺ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አልገለጥሽም። አለቀ ስትዪ ደግሞ በቀኝ በኩል የቀረው የኮሌታ ውፍረት ያህል ነበር።»

ሬዲዮ መካድ እንኳ አልመጣላትም። «ጨምሬያለሁ ጋሼ» አለች።

«ተናድጄ ነበር የወጣሁት። ነገ አሰናብታታለሁ ብዬ። መንገድ ላይ ሳስበው ግን፣ ይቺ ሴት ከዚያች አንድ ቀን በቀር ስድስት ዓመት አንድ ቃል ሳትዘል ዛፍ ስትቆጥርልኝ የኖረች ናት። የተጻፈው ደግ ነገር ቢሆን ምን አስዋሻት? አልኩ። ስለዚህ ክፉ ነው። ደርሶ አላገኘውም ማለት ነው። አንቺ ሳታነቢው ገባኝ።» ጠመኔውን በጣቱ መካከል አዟዟረው። «ከዚያ እግሬ ወደ ቤት አልሄደም።»

«ሄድክ?»

«ሄድኩ። በሩን እሱ ነው የከፈተው። አንቺ እንዳልሽው ‹ዘገየህ› አላለኝም። አንገቴን አየ፣ ሜትሩን ማለቴ ነው። ከዚያ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ቆመ።»

ቆራጩ ብጣሹን ወረቀት አንስቶ አሳያት፤ በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች ናቸው።

«በዓይኔ ልለካው ሞክሬ አቃተኝ። ሜትር ያስፈለገኝ ያን ቀን ነው። ወገቡ አራት ጣት ጨምሯል። ግራ ትከሻው ወርዷል፤ ካርቶን ሲሸከም ነው መሰለኝ። ቁመቱ ሳይቀር ቀንሷል።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰ። «ልኬን ታውቀዋለህ ብሎ ነው የላከው። አላውቀውም ነበር እኮ።»

ሬዲዮ ቦርሳዋን ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ስድስት ቀናት ቤቱ ካየው ሁሉ የሚበልጥ ሩጫ የታየባቸው ናቸው። የሌላ ደንበኛ ሥራ ተገፋ፤ ሥራዬ ለምን ተገፋ ብሎ የጮኸ አንድ ሰውዬ ሲወጣ ካውያ ራሱ «ምዕራፍ አንዱን…» ሊል ጀምሮ፣ «ወይ ግድ የለም፣ የዛሬው ምዕራፍ የኛ ነው» አለ። ታናሹ ወንድም ለመለካት ሁለት ጊዜ መጣ። አጭር፣ ሳቂታ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ሆኖ አገኙት፤ የቤቱን መኪኖች በስም ያውቃቸዋል። ቆራጩ አፉ ውስጥ ስፒል ይዞ «ቀጥ በል» ይለዋል፣ እሱ «ቀጥ ብያለሁ፣ አንተ ነህ የጎበጥከው» ይለዋል። ቆራጩ የግራውን ትከሻ ማንም እንዳያውቅበት አድርጎ በውስጥ በኩል ሞላለት።

በመጨረሻው ቀን የቀረው ቁልፍ ብቻ ነበር። በቁልፍ ሰዓት መኪኖቹ ቆሙ፤ ኮቱን ጠረጴዛው መሐል አድርገው ዙሪያውን ተቀመጡ። ሬዲዮ አዲስ መጽሐፍ ልታወጣ መሳቢያውን ስትከፍት ቆራጩ፣ «ያንን አምጪው» አለ።

«የቱን?»

«ያላነበብሽልንን። አሁን አንብቢው፣ እንዳለ።»

«ጋሼ፣ ነገ ሠርግ ነው። ያሳዝናል።»

«ያሳዝን፤ የተጻፈ ነገር ነው። ሰውየው ደክሞ ጽፎታል፣ ሰሚ ያግኝ እንጂ።»

አነበበችው። የሞላውን ወንዝ፣ ጀልባውን የወሰደውን ጎርፍ፣ ማለዳውን፣ የተዘጋውን በር አንድም ቃል ሳትዘል አነበበች። ካውያ በዚህ ጊዜ ስለ እንፋሎት አላወራም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ቀዛፊው ጀልባውን ወዲያ ማዶ ትቶ፣ ወንድሙ በሠራው ድልድይ ላይ ብቻውን በእግሩ ተመለሰ። መሐል ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ መደገፊያውን በእጁ ነካው። ጠንካራ ነበር ይላል መጽሐፉ፤ ጥሩ ተሠርቷል።

ቆራጩ ቀና አላለም። እጁ ግን እየሠራ አልነበረም።

«ገጹ ስንት ነበር?» አለ።

«ሁለት መቶ ሃያ ሦስት።»

«እ» አለ፤ ቁጥሩ የጠበቀው መሆኑ ነው።

ሬዲዮ መጽሐፉን ዘግታ፣ «አንዱን ቁልፍ ለኔ ተዉልኝ» አለች። ተዉላት። የታችኛዋን፣ ሆድ ላይ የምትውለውን። መርፌውን ሦስት ጊዜ ስታ፣ ክሩን አንድ ጊዜ በጥሳ፣ በማይታጠፈው ጣቷ እየገፋች ሰፋቻት። ካውያ ኮቱን ተኮሰው፤ ቆራጩ ማንጠልጠያ ላይ ሰቅሎ፣ ራቅ ብሎ፣ ከኮሌታው ጀምሮ ወደ ታች አየው። የታችኛዋ ቁልፍ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ዘመም ብላለች። ሬዲዮም አይታታለች፣ ሁሉም አይተዋታል።

ትንሿን መቀስ ከኪሱ አወጣ። ሬዲዮ እንደ ልማዷ መዳፏን ዘረጋች።

ቆራጩ ከቁልፏ ሥር የተንጠለጠለችውን የክር ጫፍ ብቻ ቆረጠና ክሯን መዳፏ ላይ አደረገላት። መቀሱን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ጠቅልሉለት» አለ። «እኔ ነኝ የምወስድለት።»